ኢንተርኔትን ከቤተ መጻሕፍት ማስቀደም
ተማሪዎች ለጥናትና ለምርምር ሥራቸው መጀመሪያ ኢንተርኔትን የሚያስሱበት ልማድ። ጉግል በ1998፣ ዊኪፒዲያ በ2001 እ.ኤ.አ. ከተመሠረቱ ወዲህ በመላው ዓለም ተስፋፍቷል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዋናው መሣሪያ የእጅ ስልክ ነው፤ አንድ ተማሪ የመማሪያ መጽሐፉን ፒዲኤፍ ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ ለክፍል ጓደኞቹ በደቂቃዎች ያዳርሳል፤ መደርደሪያ ላይ ያለው ቅጂ ግን በአንድ ጊዜ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው። ይህን ስንፍና ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ላይብረሪውም ቢሆን ባዶ አልቀረም፤ በፈተና ሰሞን መቀመጫ ይጠፋል፤ ብዙው አንባቢ ግን ይዞ የሚገባው የራሱን ሃንድአውት ወይም ላፕቶፕ ነው።

ልማዱ የሚቸገረው አገርኛ ጉዳይ ሲጠና ነው። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተውን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የጥንት እትሞች፣ የብራና መጻሕፍትን ወይም ከኅትመት ውጭ የሆኑ የአማርኛ ሥራዎችን የሚሻ ተማሪ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር፣ ጎራ ማለቱ አይቀርም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት ማውጣቱ ደግሞ የሌላውን ሥራ ገልብጦ ማቅረብን አቅልሏል፤ አማካሪውም የተገለበጠውን አንቀጽ ፈልጎ ማግኘት አይከብደውም።