«አንድም» የምትለው ቃል፦ ከሰቆጣ እስከ ቦሩ ሜዳ

የአገራችን መምህራን መጽሐፍ ሲተረጉሙ ከአንዱ ፍቺ ወደ ሌላው የሚሻገሩባት አጭር ቃል አለች፤ «አንድም» ትባላለች። መምህሩ አንዱን ትርጓሜ ተናግሮ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። የፊተኛው በኋለኛው አይሻርም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስልቱ «አንድምታ» መባሉም ከዚህችው ቃል ነው። እንዲህ ያለ የትርጓሜ ባህል ያላት አገር በአንዲት ጥያቄ ላይ ግን «አንድም» ማለት ተሳናት። ስለ ምን? የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲያመላልሰኝ ኖሯል።

ነገሩን ከዋግ ልጀምር። ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ በኽምጣ አገው ምድር፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጠራቢው ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረበም፤ ከዐለቱ ትርፉን እያነሣ ቤቱን አስቀረው። እንግዲህ ቤቱ ከዐለቱ ሌላ ነውን? ወይስ ራሱ ዐለቱ ነው?

ይህን መሰል ጥያቄ የህንድ ፈላስፎችን ለብዙ ምዕተ ዓመታት አከራክሯል። እነርሱ የመጨረሻውን እውነት «ብራህማን» ይሉታል። በ8ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የነበረው ሻንካራ፣ ትምህርቱ «አድቫይታ» ማለትም «ሁለት ያልሆነ» የተባለው፣ በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ፊት ቢቆም «እውነቱ ዐለቱ ብቻ ነው፤ በርና ዓምድ የምትሉት ስምና መልክ ነው» የሚል ይመስለኛል። በላሊበላ የቤተ አማኑኤል ግድግዳ በእንጨት የታሰረ መስሎ ይታያል፤ ቀርበው ሲዳስሱት ግን ሁሉም ድንጋይ ነው። ሻንካራ ዓለምን የሚያየው እንዲህ ነው። በ11ኛውና በ12ኛው ምዕተ ዓመት ያስተማረው ራማኑጃ ደግሞ «ቤቱም እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዐለቱ ተለይቶ አይቆምም» ባለ ነበር፤ ለእርሱ ነፍሳትና ዓለም የአምላክ አካል ናቸውና። የ13ኛው ምዕተ ዓመት ሰው ማድቫ ሁለቱንም ይቃወማል፤ ቤት ያለ ጠራቢው አይገኝም፣ ሆኖም ቤት መቼም ጠራቢ አይሆንም፤ አምላክ ሌላ፣ ነፍስ ሌላ፣ ቁስ አካልም ሌላ ነው።

የሚደንቀው ሦስቱም የሚተረጉሙት ያንኑ መጽሐፍ መሆኑ ነው። በኡፓኒሻድ ኡዳላካ የተባለ አባት ልጁን ሽቬታኬቱን ስለ ነፍስና ስለ ብራህማን የሚያስተምርባት በጣም አጭር ቃል አለች። ሻንካራ ፍጹም አንድነትን አነበበባት፤ ራማኑጃ የአካልና የባለ አካሉን አንድነት። ማድቫ ግን ቃላቱን በሌላ ስፍራ ከፍሎ አሉታ አገኘባትና ልዩነትን አነበበ።

በእኛም አገር እንዲህ ሆኗል። ቅዱስ ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሲሰብክ ጌታ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱን ይናገራል (ሐዋ. 10፥38)። ይህ መቀባት ምንድን ነው? «ካራ» የተባሉት ተዋሕዶዎች ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው፣ ቅብዑም ራሱ ወልድ ነው አሉ። ቅባቶች ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አሉ። ጸጎች ደግሞ በመንፈስ ቅዱስ ጸጋ የሆነውን ሦስተኛ ልደት ቆጠሩ፤ ስለዚህም «ሦስት ልደት» ተባሉ። የህንዶቹ ጥያቄ ስለ እያንዳንዱ ነፍስ ነው፤ የእኛዎቹ ስለ አንዱ ክርስቶስ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። የሚመሳሰለው አንድ መጽሐፍ ሦስት ጉባኤ ማፍራቱ ነው።

አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በ1624 ዓ.ም. ከተዉት በኋላ የተጋጋለው ይህ ክርክር አገር ለአገር ተከፋፈለ፤ ቅባት በጎጃም፣ ጸጋ በሸዋና በጎንደር፣ ካራ በትግራይ ሥር ሰደደ። ዋግ በመካከል ነው። በሰሜኑ ትግራይ፣ ከተከዜ ማዶ ሰሜንና ጎንደር፣ በደቡቡ ላስታ፣ ከላስታም ወዲያ ወሎ አለ።

በ1860 ዓ.ም. ዋግሹም ጎበዜ «አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። በ1863 ዓ.ም. የሚስታቸው የድንቅነሽ ወንድም ደጃዝማች ካሣ በዐድዋ አጠገብ ድል አድርገው ማረኳቸውና ዙፋኑ ከዋግ ሰው እጅ ወጣ። ካሣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆነው በ1870 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አስደረጉ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ። በዚያው ወቅት የወሎ ሙስሊም መሳፍንት ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም ሚካኤል ተባሉ።

በንጉሡ መፍረድ አይቀልም። በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር ከተዋጉ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር፤ የተከፋፈለ አገር ለጠላት እንደሚመች ያውቁ ነበር። በህንድም ቢሆን ሁሉ ሰላም አልነበረም፤ ትውፊቱ ራማኑጃ ራሱ ከቾላ ንጉሥ ሸሽቶ እንደ ተሰደደ ይናገራል። ነገር ግን በዚያ አንዱ ዙፋን ክርክሩን ሊዘጋው አልቻለም፤ የሦስቱም ደቀ መዛሙርት እስከ ዛሬ እየተከራከሩ ያስተምራሉ። በእኛ ዘንድ መልሱ በአዋጅ ሆነ። መልሱ ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንኳ፣ አዋጅ ያሸነፈው ክርክር በልብ ውስጥ እንደማይቋጭ አይስተውም፤ የቅባት ስም በጎጃም ዛሬም ይነሣልና።

አንድነት ያለ አንድ ዓይነትነት አይሆንምን? እዚህ ላይ የዋግ ታሪክ የሚመሰክረው ነገር ያለ ይመስለኛል። ዋግሹሞች የዛጉዌ ነገሥታት ዘር ነን ይላሉ። በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ይኩኖ አምላክ ቢተላለፍም፣ ማዕረጋቸውንና ርስታቸውን ይዘው በሌላው ዘውድ ሥር ለምዕተ ዓመታት ኖረዋል። አገው ሆነው የመንግሥቱ አካል ነበሩ፤ አካል ሆነውም አገውነታቸው አልቀረም። ራማኑጃ ቢያያቸው የራሱን ትምህርት በመንግሥት አምሳል ያየ ይመስለው ነበር። በግዛት የቻልነውን በሐሳብ ስንችለው፣ «አንድም» የምትለው ቃል ከመጽሐፍ ቤት ወጥታ ወደ አደባባይ ትደርሳለች።