የጌጥ ማዕድን ምርጫ፤ ከጠገራ ብር እስከ ፓላዲየም

በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመነ መንግሥት (1864–1881 ዓ.ም.) የመናገሻ ከተማነት ክብር ያገኘችው መቀሌ፣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣው የአሞሌ ጨው ታላቅ ገበያ ነበረች። ጨው በሚሸጥበት ገበያ የሚዘዋወረው ዋና ገንዘብ ደግሞ የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ጠገራ ብር ነበር። ይህ ገንዘብ ለነጋዴው መገበያያ፣ ለአንጥረኛው ግን ጥሬ ዕቃ ነበር።

ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፉ በኋላ ብሩ በተለያዩ አገሮች ሲመታ ቢኖርም፣ የተጻፈበት ዓመት አልተለወጠም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው በአመዛኙ መዳብ ነው። በመሆኑም መስቀል ወይም ድሪ ለማሠራት ጠገራውን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ የማዕድኑን ጥራት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ቅርጹ ሳይጓደል የሚታየው ማኅተም ለሁለቱም ወገን ዋስ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት እሳት ነው። ንጹሕ ብር በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ መዳብ ሲቀላቀልበት ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ከሰልና ወናፍ ለዚህ ይበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1803 ወላስተን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ለዓለም ያስታወቀው ፓላዲየም ግን 1,555 ዲግሪ ይሻል። ከዚህም በላይ በቀለጠበት ጊዜ ካርቦን ስለሚመጥና ስለሚሰባበር፣ ከከሰል ጋር ሊነካካ አይገባውም። እንግዲህ ብር በአንጥረኛው ምድጃ የተመረጠው ስለ ውበቱ ብቻ አልነበረም።

ፓላዲየም ነጭነቱን ይጠብቃል፤ ብር ግን ድኝ ባለበት አየር ይጠቁራል። ከፕላቲኒየምም ይቀላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፕላቲኒየም ለጦር ሥራ ሲታገድ፣ የአሜሪካ ጌጥ ሠሪዎች ወደ ፓላዲየም ዘወር ያሉት ስለዚህ ነው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በፓላዲየም ጌጥ ላይ የጥራት ማኅተም እንዲመታ አስገድዳለች።

በአገራችን በ1937 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራ ብር ቀስ በቀስ ከገበያ ራቀ፤ ከእርሱም ጋር ያ የታወቀ ልክ ራቀ። ነጭ ማዕድናትን ዓይን ብቻ አይለያቸውም። ስለዚህ በመቀሌ የጌጥ ሥራ አዲስ ማዕድን ለማስገባት ለሚያስብ ባለሙያ፣ ከምድጃው ለውጥ ባልተናነሰ የሚያስፈልገው ጠገራው ይሰጥ የነበረውን እምነት የሚተካ የጥራት ምርመራና ማኅተም ነው።