የታሰረች መርከብ ምን ተብላ ትጻፍ?

ለንደን ውስጥ፣ በታወር ድልድይና በለንደን ድልድይ መካከል፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ አንዲት የጦር መርከብ ታስራ ቆማለች። ስሟ «ቤልፋስት» ነው። ወደ ውሃ የገባችው በ1938 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። በ1943 መጨረሻ ከኖርዌይ በስተሰሜን በተደረገው ውጊያ «ሻርንሆርስት» የተባለችውን የጀርመን መርከብ ካሰመጡት አንዷ ነበረች። በ1944 ኖርማንዲ ላይ ለወረዱት ወታደሮች በመድፏ መንገድ ጠርጋለች። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1951 ኮሪያ ሲገቡም እሷ በዚያው ጦርነት ላይ ነበረች። በ1971 ተቆራርጣ ለብረት ልትሸጥ ስትል ተቆርቋሪዎች ተሟግተው አስቀሯት፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ለጎብኚ ተከፈተች። ከዚያ ወዲህ ለጥገና ካልሆነ በቀር ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

እንግዲህ የስልካችንን ካርታ የሚሠራው ሰው እሷ ዘንድ ሲደርስ ምን ያድርግ? ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ቦታ የቆመን ነገር «የለም» ብሎ ማለፍ አይችልም። «ሕንፃ ነው» እንዳይል ደግሞ ሕንፃው ይንሳፈፋል፤ የወንዙ ውሃ በሞላና በጎደለ ቁጥር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

ነገሩ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ካርታ ሠሪዎቹ ግን ከምር ተጨንቀውበታል። በ2004 እዚያው እንግሊዝ አገር የተጀመረው፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊሥልበት የሚችለው «ኦፕን ስትሪት ማፕ» የሚመጣና የሚሄድ ነገር አይመዘግብም። መንገድ ዳር የቆመ መኪና፣ ጭነቱን አራግፎ የሚሄድ መርከብ እዚያ ቦታ የላቸውም። እንደ ቤልፋስት ላሉት ግን ከ«ሕንፃ» ሥር «መርከብ» የሚል ዓይነት ተበጅቷል፤ «ታሪካዊ መርከብ» የሚል መለያም አለ። የባሕረኞቹ ኤሌክትሮኒክ ካርታም የራሱ መፍትሔ አለው። ዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ድርጅት ባወጣው ደንብ ከጉዞ የተሰናበተ የመርከብ ቀፎ ራሱን የቻለ ክፍል ነው፤ በውስጡም ተንሳፋፊ ምግብ ቤት፣ ታሪካዊ መርከብ፣ ሙዚየም፣ ማደሪያ እየተባለ ይለያል።

ሁለቱም ደግ አድርገዋል። ይሁን እንጂ የባሕረኛው ካርታ የሚጠይቀው «እንዳልጋጨው የት ነው ያለው?» ብሎ ነው። የከተማው ካርታ ደግሞ «በየት በኩል ይገባል? ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ይላል። «ይህች ነገር ማን ናት? እዚህስ እንዴት መጣች?» የሚል ጠያቂ ግን አላየሁም።

የዕድሜዬን ግማሽ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሐሳቤ ወደ ቃሉ ይሮጣል። የእኛ «መርከብ» የዐረቦቹ «መርከብ» ዘመድ ነው፤ በዐረብኛ «ረኪበ» ማለት ጋለበ፣ ተሳፈረ ማለት ነው። ስለዚህ መርከብ ማለት የሚሳፈሩበት ነው። የማይሳፈሩበትስ? የኖኅ መርከብ አራራት ተራራ ላይ ካረፈች በኋላ ማንንም የትም አላደረሰችም። እስከ ዛሬ ግን «የኖኅ ቤት» ያላት ሰው የለም። ስም የሚሰጠው ለሠሩት ሥራ እንጂ ለተቀመጡበት ቦታ ብቻ አይደለም።

ይህን የሚያስረዳልኝ የ«ሚካሳ» ታሪክ ነው። በ1905 ጃፓኖች ሱሺማ ላይ የሩሲያን የባሕር ኃይል ድባቅ ሲመቱ አድሚራል ቶጎ የነበረው እሷ ላይ ነው። የእኛ አገር ምሁራን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጃፓንን እንደ አርአያ እንዲያዩ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ያ ድል ነው። መርከቧ በ1926 ዮኮሱካ ላይ በኮንክሪት ተከባ መታሰቢያ ሆነች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈት በኋላ ግን መድፎቿ ተነቅለው የዓሣ ማሳያና ጭፈራ ቤት ተደረገች። እንደገና ታድሳ ክብሯ የተመለሰላት በ1961 ነው። እንግዲህ አንድ ካርታ ሠሪ በ1950 ዮኮሱካ ሄዶ፣ ያየውን አምኖ፣ «ጭፈራ ቤት» ብሎ ቢጽፍ ዋሽቷል ልንለው አንችልም። እውነቱን ተናግሯልስ እንላለን?

የባለቤትነትም ጣጣ አለ። «ፑዌብሎ» የምትባለውን የአሜሪካ የስለላ መርከብ ሰሜን ኮሪያ በ1968 ከነሠራተኞቿ ማረከች። ዛሬ ፒዮንግያንግ ውስጥ ወንዝ ላይ ታስራ ሙዚየም ሆናለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን አሁንም ከመዝገቡ አልሰረዛትም። ለአንዱ የድል ሐውልት፣ ለሌላው የታሰረች ልጅ ናት። ካርታው ላይ «ሙዚየም» ብቻ ብሎ መጻፍ ሳያውቁ ለአንዱ ወገን መፍረድ ነው።

ደግሞ ታሰረች ማለት ቀረች ማለት አይደለም። ሴንት ፒተርስበርግ ያለችው «አውሮራ»፣ የ1917ቱን አብዮት በባዶ ተኩስ አበሰረች የምትባለው፣ በ2014 ለጥገና ተጎትታ ሄዳ በ2016 ተመልሳለች። ቴክሳስ ውስጥ ሳን ጃሲንቶ ላይ ከ1948 ጀምሮ 74 ዓመት የቆመችው የጦር መርከብ «ቴክሳስ» ግን በ2022 ወደ ጋልቨስተን ተጎተተች። ካርታ ሠሪው ለሄደችው መርከብ ያለው መፍትሔ ማጥፋት ነው። በአንድ ጣት ንክኪ 74 ዓመት ከውሃው ላይ ይጠረጋል። የወረቀት ካርታ ቢያረጅም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ የዛሬው ግን አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ከዓይናችን ይሰውረዋል።

«የፈረንጅ መርከብ ቢጠፋ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኛም እኮ መርከብ ነበረን። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሕር አውሮፕላኖች ድጋፍ የሠሯት «ኦርካ» በ1962 በውሰት ተሰጠችንና «ኢትዮጵያ» ተባለች። 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ነበረች። በ1976 መንግሥት ገዛት። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ እኛም ጠረፍ አልቀረልንም። «ኢትዮጵያ» የሚል ስም የተጻፈባት መርከብ እንደ ቤልፋስት የሚሟገትላት አላገኘችም፣ የምትታሰርበትም ወንዝ አልነበራትም። የዛሬ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ምጽዋን ቢያይ ሰማያዊ ውሃ ብቻ ነው የሚያየው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። የታሰረች መርከብ በመርከብ ቅርጿ፣ ውሃው ላይ ትሣል፤ የየብስ ቁራጭ አትምሰል። ሙዚየምነቷ ወይም ምግብ ቤትነቷ ከስሟ በታች ይጻፍ፤ ስሟን አይተካ። የመጣችበት ዓመት ይጠቀስ። ስትሄድም አትጥፋ፤ «ከዚህ እስከዚህ ዓመት» ተብላ ትቆይ። ይህ የማይቻል አይደለም፤ «ኦፕን ሂስቶሪካል ማፕ» የተባለው ካርታ ለእያንዳንዱ ነገር መነሻና መድረሻ ዘመን ይይዛል።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ያለ ኮምፒዩተር ሲሠራው ኖሯል። የመንገደኛ አውሮፕላን ከማያርፍበት ብዙ ዘመን ያለፈውን ሰፈር እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እንለዋለን፤ ታክሲውም እዚያው ያደርሰናል። የሌለው ነገር ያለውን ቦታ ይጠቁመናል። ለምጽዋም እንደዚሁ ቢደረግላት እወዳለሁ፦ «‹ኢትዮጵያ›፣ የጦር መርከብ፤ ከ1962 ጀምሮ መነሻ ወደቧ ይህ ነበር፤ በ1993 ለብረት ተሸጠች።» ቦታው ዛሬ የሌላ አገር ነው። መርከበኞቿ ግን ከሁለቱም ወገን ነበሩና፣ የሁለቱም ልጆች ሊያነቡት ይገባል።