ሪታ ሄይወርዝ፦ ሳትጠየቅ የተወሰነባት ኮከብ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1946 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ቢኪኒ በሚባለው ሥፍራ የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ አደረገች። በቦምቡ ላይ «ጊልዳ» የሚል ስም ተጽፎ፣ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶ ተለጥፎበት ነበር። ሴትዮዋ ሪታ ሄይወርዝ ናት። «ጊልዳ» ደግሞ በዚያው ዓመት ለእይታ የበቃውና ዝናዋን ከፍ ያደረገው ፊልም ነው። ፎቶውን የለጠፉት ያከበሯት መስሏቸው ይሆናል። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም። የያኔው ባለቤቷ፣ የፊልም ባለሙያው ኦርሰን ዌልስ ኋላ እንደተናገረው፣ ወሬውን ስትሰማ በንዴት ልታብድ ደርሳ ነበር።

ሳትጠየቅ ሲወሰንባት ግን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም።

በ1918 በኒውዮርክ ብሩክሊን ስትወለድ ስሟ ማርጋሪታ ካርመን ካንሲኖ ነበር። አባቷ ኤድዋርዶ ከስፔን የመጣ ዳንሰኛ፣ እናቷም የመድረክ ሰው ነበረች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ከአባቷ ጋር ተጣምራ፣ ድንበር ተሻግራ በሜክሲኮዋ ቲኋና ክበቦች ትደንስ ነበር።

ከዚያ አዛዡ ተቀየረ፤ መታዘዙ ቀጠለ። በሃሪ ኮን የሚመራው ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ሲያስፈርማት፣ ስሟ «ስፔናዊነት ይበዛዋል» ተብሎ በእናቷ የቤተሰብ ስም ሄይወርዝ ተባለች። ጥቁር ፀጉሯ ቀይ ተቀባ። ግንባሯ ጠባብ ነው ተብሎም ከፊት ያለው ፀጉሯ በኤሌክትሪክ እየተነቀለ ወደ ኋላ ሸሸ። በ«ጊልዳ» ስትዘፍን የሚሰማው ድምፅ እንኳ በአብዛኛው የሌላ ዘፋኝ፣ የአኒታ ኤሊስ ነው።

ማንም ሊቀባው ወይም በሌላ ሊተካው ያልቻለው ዳንሷን ነበር። በ1941 እና በ1942 ከፍሬድ አስቴር ጋር ሁለት ፊልሞች ሠራች። በ1944 ደግሞ በ«ከቨር ገርል» ከጂን ኬሊ ጋር ተጣመረች። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች እኩል መርገጥ በቁንጅና ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። የልጅነት ዕድሜዋን የበላው ልምምድ ውጤት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ቃለ ተውኔቷን መያዝ አቃታት። ያለ ምክንያት ትቆጣም ጀመር። በ1976 ለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ተጎሳቁላ ስትወርድ የተነሳችው ፎቶ በጋዜጦች ወጣ። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፦ «ሰክራለች»። መጠጥ መጠጣቷ እውነት ነው። ዋናው ችግሯ ግን አልዛይመር፣ ማለትም የመርሳት በሽታ መሆኑ ለሕዝብ የተነገረው በ1981 ነው። በ1987 በ68 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ የተንከባከበቻት ልጇ ያስሚን አጋ ካን፣ ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀውን በሽታ በአደባባይ አስተዋወቀች፤ በእናቷ ስም ለምርምርና ለሕሙማን ድጋፍ ገንዘብ ማሰባሰብም ጀመረች።

ሪታ በሕይወት ዘመኗ ስለ መልኳ ብዙ ተወራ። ታማ ሳለች «ምን ነክቷት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር። ዛሬም በየቤቱ የሚረሱ፣ የሚቆጡ፣ መንገድ የሚጠፋባቸው አዛውንት አሉ። «ጃጁ» ወይም «ጠባያቸው ከፋ» ብሎ ከመፍረድ በፊት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይቀድማል።