ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

ፈረንጆች አንድ ነገር ያውቁበታል፤ አሮጌውን አራግፎ፣ አጥቦ፣ እንደ አዲስ መሸጥ። እ.ኤ.አ. በ2000 «ዲያብሎ 2» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ገበያ ላይ ዋለ። (ስሙ ያው ዲያብሎስ ማለት ነው፤ የንስሐ አባትዎ አጠገብ ካሉ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ያንብቡ።) ተጫዋቹ አንድ ጀግና ይመርጣል፣ ያስታጥቀዋል፣ ከአጋንንት ጋር እያዋጋ ደረጃ በደረጃ ያሳድገዋል። ይኸው ጨዋታ ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ መልኩ ታድሶ ሕጉ ግን እምብዛም ሳይነካ እንደገና ወጣ። በጎረምሳነቱ ሌሊቱን ሲጫወተው ያድር የነበረው ሰው ልጅ ወልዶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ፣ ተመልሶ ገዛው። በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ቁልፍ ሲነካ ደግሞ አዲሱ መልክ ይነሣና የጥንቱ ደብዛዛ ሥዕል ይመጣል። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ገበታ ቀረቡለት ማለት ነው።

የዚህ ጨዋታ አወላለድም ታሪክ አለው። በ1996 መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያው «ዲያብሎ» ሲታሰብ ተራ በተራ የሚሄድ ነበር። እኔ እመታለሁ፣ ከዚያ አንተ ትመታለህ። በሥራው መሐል ግን ሐሳቡ ተለወጠና ተራ መጠበቅ ቀረ፤ ጠላት ሲመጣ ይመጣል፣ ቀድሞ የነቃ ይመታል። ለጨዋታው ያን ያህል ዝና ያተረፈለት አንዱ ነገር ይኸው ነው።

«ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?» ይሉ ይሆናል። የሚያገባን አለ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ሳይታለም፣ እዚሁ ደጋ ላይ፣ ተራ የማይጠበቅበት የጦርነት ጨዋታ ነበረን። ስሙ ሰንጠረዥ ነው።

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ተማሪው የሚያስበው የመማሪያ መጽሐፉን ዓምድና ረድፍ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛው ደግሞ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን። ጨዋታውን «ቼዝ» ብለነዋል። ቃሉ ግን ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የደረሰን። በሕንድ «ቻቱራንጋ» ነበር፣ አራቱ የጦር ክፍሎች ማለት ነው፤ ፋርሶች «ቻትራንግ» አሉት፣ ዐረቦች «ሻትራንጅ»፣ እኛ ሰንጠረዥ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ በዚሁ ጨዋታ ሲዝናኑ አግኝቷቸዋል።

ከሁሉም አብልጦ የጨዋታውን ሕግ ያቆየልን ግን ዋልተር ፕላውደን ነው። ሰውየው በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተሾመ፣ በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል የተፈራረመ ነው። ያን ጊዜ የየጁ ራሶች መቀመጫ ደብረ ታቦር ነበረች። ፕላውደን በ1860 ጎንደር አጠገብ ተወግቶ ሞተ፤ ጽሑፉን ወንድሙ በ1868 አሳተመለት። ከኛ ዘመን የታሪክ ሰዎች ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ራሱን የቻለ ጥናት አቅርበዋል። እንግዲህ ከዚህ በታች የምተርከው እንደነሱ ነው።

ገበታው ብዙ ጊዜ ጨርቅ ነው፤ ስልሳ አራት ቤት አለው፣ ቤቶቹ ግን እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አይደሉም፣ በመስመር ብቻ ይለያሉ። ባለጸጋው በዝሆን ጥርስ፣ ሌላው በቀንድ ወይም በእንጨት በተሠራ ጠጠር ይጫወታል። በጦሩ ውስጥ ንጉሥ አለ። ከጎኑ ፈርዝ ይቆማል፤ የዛሬዋ ንግሥት ቦታ ላይ ያለ አማካሪ ነው፣ ጉልበቱ ግን ትንሽ፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል በሰያፍ ወደ ሦስተኛው ቤት ይዘላል። ፈረስና ደር አሉ፤ ደር የዛሬው ግንብ ነው። ፊት ለፊት መደቆች፣ እግረኛው ወታደር፣ ይሰለፋሉ።

ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም! ሁለቱም ባላጋራዎች ጠጠራቸውን እንደፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ ዓይቶ የራሱን ይለውጣል፤ ያም ይህን ዓይቶ መልሶ ይለውጣል። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቆያል። ያን ጊዜ ነው ተራ በተራ መሄድ የሚጀመረው። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ስሙ «ወረራ» ይባላል።

ዳር ቆሞ የሚያየውም ዝም አይልም። ፕላውደን እንደጻፈው ተመልካቹ ይመክራል፣ ይከራከራል፣ አልፎ ተርፎም እጁን ሰዶ ጠጠሩን እያንቀሳቀሰ ያሳያል። በጸጥታ አንገቱን ደፍቶ ለሚጫወት አውሮፓዊ ይሄ እንግዳ ነገር ነበር። ለኛ ግን ምኑ ይገርማል? ዛሬም ገበታ ወይም ዳማ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ካሉ የሚያስተምሯቸው አምስት ሰዎች አይጠፉም።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ የአሸናፊነቱ ሥርዓት ነው። የባላጋራን ንጉሥ በደር ወይም በፈረስ ማፈን ያሸንፋል፣ ግን አያስመሰግንም። በፊል ወይም በፈርዝ ሲሆን ይሻላል፤ በመደቅ፣ በተራው እግረኛ፣ ሲሆን ደግሞ ያስወድሳል። ሌላም አለ። ጭፍራው ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም። ስለዚህ የሰውን ጦር ሙልጭ አድርጎ መብላት ድል አያመጣም፤ ለማሸነፍ የሚፈልግ ሰው ለባላጋራው አንድ ነገር ሊተውለት ይገባል።

ይህን በዘመነ መሳፍንት ዓይን እንየው። ሥልጣኑ ደብረ ታቦር ከራሱ ዘንድ፣ ዘውዱ ጎንደር። የጎንደሩ ንጉሥ ጦር የለው፣ ግብር የለው፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ነው፣ አይሞትም። ሕጉ ከፖለቲካው የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ያን ጨዋታ የሚጫወት መኮንን የገዛ አገሩን መልክ ጨርቁ ላይ ሳያየው ይቀራል? በሜዳው ተራ ሳይጠብቅ የሚዘምተው ሹም፣ በገበታው ላይ በደካማው ጠጠር ማሸነፍ እንደሚያስከብር ያውቅ ነበር። ማወቅና ማድረግ ለየብቻ መሆናቸው ደግሞ የዛሬ ነገር አይደለም።

ታዲያ የት ገባ? ሰንጠረዥ እስከ ጣሊያን ጦርነት ድረስ በመኳንንቱ ቤት ቆይቷል። በ1928 ዓ.ም. ትክክለኛው ወረራ መጣና የጨዋታውን ወረራ ይዞት ሄደ። መኳንንቱ ግማሹ ዘመተ፣ ግማሹ ተሰደደ፣ ግማሹ አለቀ። ጨዋታው የአዳራሽ ጨዋታ ስለነበር አዳራሹ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ገበታን ያየን እንደሆነ ግን ዛሬም አለ፤ እረኛው መሬት ጭሮ፣ ጠጠር ለቅሞ ይጫወተዋልና ማን ያጠፋዋል? በብዙ ሰው እጅ ያለ ነገር ቶሎ አይሞትም። «ዲያብሎ»ም ቢሆን ተመልሶ የመጣው ኩባንያው ስለፈለገ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይተዉት ሲጫወቱት የኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ ያለው ልጅ በስልኩም በጌም ቤቱም የሚያገኘው የሰው አገር ጦርነትና የሰው አገር ኳስ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ ያላሳየነውን ከየት ያምጣው? «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት የሚነካው እኛን ትልልቆቹን ነው። ደግሞ የሚሞክሩ የሉም አልልም። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት በ2018 «ኩኩሉ» የተሰኘ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ገበታንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ሰንጠረዥ ተረኛ ቢሆን ምን ይለዋል? ወረራው እንደሆነ ለስልክ ትውልድ የተሠራ ይመስላል፤ ተራ መጠበቅ አይወድማ!

እስከዚያው ግን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው መጠበቅም አያስፈልግም። ከሱቅ የተገዛ ተራ የቼዝ ገበታ ይበቃል። ንግሥቲቱን ከሥልጣኗ አውርደው ፈርዝ ያድርጓት፣ በሰያፍ አንድ ቤት ትራመድ። ጳጳሱን ፊል ያድርጉትና በሰያፍ ወደ ሦስተኛው ቤት ይዝለል። ወታደሩ መነሻው ላይም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይሂድ። ከዚያ ሁለታችሁም እንዳሻችሁ አሰልፉ፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። የአንበሳሜ መምህር ለቅዳሜ ከሰዓት፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት ሰዓቱ ሊሞክረው ይችላል። በዙሪያው የሚቆሙት መካሪዎችም አይከልከሉ፤ እነሱም የጨዋታው አካል ናቸው።