ምደባ፦ ከጦር ሜዳ እስከ ቦርድ ሊቀመንበርነት



የዛሬውን ንግግሬን ከዚሁ ከክፍለ ከተማችን፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ልጀምር። በ1983 ዓ.ም. ክረምት እኔ በሃያዎቹ መግቢያ ላይ ነበርኩ። በሰፈራችን በቀድሞው ጦር ውስጥ መቶ አለቃ የነበሩ አንድ ጎረቤት ነበሩን። ከተሐድሶ ካምፕ ሲመለሱ ወደ ጦሩ የሚመለሱበት መንገድ ተዘግቶ ነበርና በአንድ ፋብሪካ በር ላይ የሌሊት ዘብ ሆነው ተቀጠሩ። በጧት ካፖርታቸውን ለብሰው ሲመለሱ፣ የሰፈሩ ሰው እንደ ድሮው «መቶ አለቃ» እያለ ሰላምታ ይሰጣቸው ነበር። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጦርነት በተቃራኒው ጎራ የተሰለፈ ሌላ ወታደር የሀገሪቱ መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። የዛሬው ርእሴ የእኚህ የሁለተኛው ሰው፣ የአቶ ስዬ አብርሃ፣ የሥራ ዘመን ነው።

አቶ ስዬ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ትጥቅ ትግል ከጀመረው ከሕዝባዊ ወያነ ሐርነት ትግራይ የመጀመሪያ ታጋዮች አንዱ ሲሆኑ፣ በትግሉ የመጨረሻ ዓመታት ከዋነኞቹ የጦር መሪዎች ተርታ ነበሩ። በሽግግር መንግሥቱ ዘመን በመከላከያ ሚኒስትርነት አገልግለዋል። ከዚያም የትእምት ዋና ሥራ አስፈጻሚና የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቦርድ ሊቀመንበር ሆኑ። ጠመንጃው፣ ፖሊሲውና ካፒታሉ፣ ሦስቱም በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ በአንድ ሰው እጅ አልፈዋል።

የሚኒስትርነታቸው ዘመን ሥራ ቀላል አልነበረም። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ይደርስ የነበረው የደርግ ሠራዊት ተበትኖ ነበር፤ የተበተነውን ሰው የሚያቋቁም ኮሚሽን በ1983 ዓ.ም. ተቋቋመ። በሌላ በኩል የአንድ ግንባር ታጋዮች የነበሩት የሀገር መከላከያ ሠራዊት ወደ መሆን ተሸጋገሩ። ይህን ሽግግር በሕግ ያሰረው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ነው። አንቀጹ በመከላከያ ሚኒስትርነት የሚሾመው ሰው ሲቪል እንዲሆን ያዛል፤ ሠራዊቱም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን እንዲያከናውን ይደነግጋል። ድንጋጌው በጎ ነው። ሆኖም «ሲቪል» ማን እንደሆነ አይተረጉምም። ትናንት ጦር ይመራ የነበረ ሰው የደንብ ልብሱን ባወለቀ ማግስት ሲቪል ነውን? አንቀጹ ዝም ይላል።

የትግሉ ትውልድ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ነበረው፤ ምደባ። ታጋይ ወደ ግንባር ይመደባል፣ ወደ ሚኒስቴር ይመደባል፣ ወደ ኩባንያም ይመደባል። በቃሉ ውስጥ ማመልከቻ የለም፣ ውድድር የለም፣ ስንብትም የለም። ሰውየው ቦታ ይለውጣል እንጂ መዳቢውን አይለውጥም። በእኔ አስተያየት የአቶ ስዬን የሥራ ዘመን ለመረዳት ከማዕረጎቻቸው ዝርዝር ይልቅ ይህ ቃል ይጠቅመናል።

በትእምት ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ነገሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ድርጅት በሥሩ መቀሌ ላይ መሰቦ ሲሚንቶንና መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግን፣ ዓድዋ ላይ አልመዳ ጨርቃ ጨርቅን፣ እንዲሁም ሱር ኮንስትራክሽንንና ትራንስ ኢትዮጵያን ያቀፈ ነበር። በሕግ ዓይን ኢንዶውመንት ነው። ኢንዶውመንት ደግሞ ባለአክሲዮን የለውም፤ በዓመታዊ ጉባኤ እጁን አውጥቶ «ትርፉ የት ገባ?» የሚል ባለቤት የለም። ሥራ አስኪያጁን የሚጠይቀው የመደበው አካል ብቻ ነው። ይህን ስል ፋብሪካዎቹ ሥራ አልፈጠሩም ማለቴ አይደለም፤ ፈጥረዋል። ጥያቄዬ ስለ ተጠያቂነት ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አቶ ስዬ ጦርነቱን በሚመራው ማዕከላዊ ዕዝ ውስጥ ተመልሰው ገቡ። ከኩባንያ ወደ ጦርነት አመራር መመለስ ያን ያህል ቀላል የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ድሮም አልወጡም ነበር።

የአልጀርስ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ተፈረመ። በመጋቢት የሕወሓት ማዕከላዊ ኮሚቴ ተሰነጠቀ፤ አቶ ስዬ በተሸነፈው ወገን ነበሩ። በዚያው ዓመት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቋመ፤ እርሳቸውም ሥልጣንን አላግባብ በመጠቀም ተከሰው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ከፍርድ ቤቱ ግቢ ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክለው የማሻሻያ አዋጅም በዚያው በ1993 ዓ.ም. ወጣ። ያኔ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። በመምህራን ክበብ አንዳንዱ ባልደረባ «የሥራቸውን አገኙ» ሲል ሌላው አንገቱን ይደፋ ነበር። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነበርኩ፤ ዛሬ በዚያ አልኮራም።

ስድስት ዓመት ገደማ ታስረው፣ ጥፋተኛ ተብለውም፣ በ1999 ዓ.ም. ወጡ፤ እርሳቸው ክሱን የፖለቲካ በቀል አድርገው ነው የሚያዩት። በ2002 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ «ነፃነትና ዳኝነት በኢትዮጵያ» ነው። የቀድሞው የጦር መሪና ሚኒስትር መጽሐፋቸውን በዳኝነት ስም መሰየማቸውን ልብ በሉልኝ።

ከወታደርነት ወደ ሚኒስትርነትና ወደ ኩባንያ መሻገር በእኛ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ በ1947 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የመከላከያ ሚኒስትር የሚሆን ሰው ከጦሩ ከተሰናበተ አሥር ዓመት እንዲሞላው ይጠይቅ ነበር፤ ኋላ ወደ ሰባት ወርዶ ነበር። ጄኔራል ጆርጅ ማርሻል በ1950 እ.ኤ.አ. ለመሾም የምክር ቤቱ ልዩ ሕግ አስፈልጓቸዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ጡረታ ወጥተው በሬይቲዮን ኩባንያ ቦርድ ውስጥ የነበሩት ጄኔራል ሎይድ ኦስቲንም በ2021 እ.ኤ.አ. እንዲሁ። በሁለቱም ጊዜ ገደቡ ተጥሷል፤ ሊጥሱት ግን በአደባባይ መከራከርና ድምፅ መስጠት ግድ ሆኖባቸዋል።

እኛ ዘንድ በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም የሚመሩት የጦር መኮንኖች ማዕረጋቸውን እንደያዙ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሲገልጽ ብዙ ሰው ደነገጠ። እኔ የደነገጥኩት በመደንገጡ ነው።

በየዓመቱ ተማሪዎቼን በአንቀጽ 87 ላይ አንዲት ንኡስ አንቀጽ እንዲጨምሩ አዛቸዋለሁ። ብዙዎቹ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት እያሉ የጊዜ ገደብ ይጽፋሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የዓመት ቁጥር ሳትጽፍ «የተሾመው ሰው የሾመውን አካል አልታዘዝም ቢል ምን ይገጥመዋል?» የሚል ጥያቄ ብቻ አስፍራ ወረቀቷን መለሰች። ውጤት ልሰጣት ብዕሬን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ።