የአሳዳጊ ዘመዶች መንገድ መሪ

በአሜሪካ የልጆችን ጉዳይ የሚከታተሉ መሥሪያ ቤቶች በሚያዘጋጁት ጽሑፍ ውስጥ «ኪንሺፕ ናቪጌተር» የሚል ስያሜ እየተዘወተረ መጥቷል። እናትና አባታቸው አብረዋቸው የማይኖሩ ልጆችን የሚያሳድጉ አያቶችን፣ አክስቶችን፣ አጎቶችንና ታላላቅ እኅት ወንድሞችን የሚያግዝ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሠራተኛም በዚሁ ስም ይጠራል። እዚህ «የአሳዳጊ ዘመዶች መንገድ መሪ» ብዬዋለሁ። «ጉዳይ አስፈጻሚ» የሚለው ቃል አለ፤ ግን ጉዳይ አስፈጻሚ ገንዘብ ተቀብሎ በባለጉዳዩ ፈንታ የሚሮጥ ነው። መንገድ መሪው ክፍያ አይጠይቅም፣ ውሳኔውንም ከአሳዳጊው እጅ አይወስድም። ለየትኛው ችግር የትኛውን በር ማንኳኳት እንደሚያስፈልግ ያውቃል፣ ቅጹን አብሮ ይሞላል።

አንዲት እናት ሆስፒታል ገባች፣ ወይም ታሰረች፣ ወይም ሞተች እንበል። ሁለት ልጆቿ የዚያኑ ምሽት አያታቸው ቤት ያድራሉ። አያት ልጆቹን ለመቀበል አያመነቱም፤ ፈተናው የሚጀምረው በማግስቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ለልጁ ምኑ እንደሆኑ የሚያስረዳ ወረቀት ይጠይቃቸዋል። ክሊኒኩ ያለ ወላጅ ወይም ያለ ሕጋዊ ተወካይ ፊርማ ሕክምናውን ያዘገያል። የሚኖሩት ለአረጋውያን በተሠራ አፓርትመንት ከሆነ የኪራይ ውላቸው ልጅ ማኖር ላይፈቅድላቸው ይችላል። ይህን የቤት ችግር ያዩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ቦስተን ውስጥ፣ ዶርቸስተር በሚባለው ሰፈር፣ «ግራንድፋሚሊስ ሃውስ»ን ከፍተዋል፤ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንዲኖሩበት ታስቦ በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራ ሕንፃ ነው። ከጡረታ ገንዘባቸው ላይ ወተት፣ ዳይፐርና የክረምት ጃኬት የሚገዙ አያት ግን እንዲህ ያለ ሕንፃ መኖሩን ቢሰሙ እንኳ ለማን ደውለው እንደሚጠይቁ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

አያትን እንደ ቤተሰብ መቁጠር ራሱ በክርክር የተገኘ ነገር ነው። በኦሃዮ፣ ኢስት ክሊቭላንድ በምትባል ከተማ፣ ወይዘሮ ኢኔዝ ሙር ከወንድ ልጃቸው፣ ከእሱ ልጅና እናቱ ከሞተችበት ሌላ የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ሕፃናት የአንድ አባት ልጆች አይደሉም፤ አባቶቻቸው ናቸው ወንድማማቾቹ። የከተማው ደንብ አብሮ መኖር የሚችለውን «ቤተሰብ» ሲዘረዝር እንዲህ ያለውን ስብስብ ስላላካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 እናቱ የሞተችበት ሕፃን በዚያ ቤት መኖር እንደማይፈቀድለት በደብዳቤ ተነገራቸው። ልጁን አላስወጡም። ተከሰሱ፤ 5 ቀን እስራትና 25 ዶላር መቀጫ ተፈረደባቸው። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው በ1977 ረቱ። አያት፣ አጎትና አክስት ከልጆች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ሥር የሰደደ ባህል እንደሆነና ሕገ መንግሥቱም እንደሚጠብቀው ለእሳቸው ከፈረዱት ዳኞች አብዛኞቹ ያመኑበት ፍርድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከኢሊኖይ በቀረበ ጉዳይ ይኸው ፍርድ ቤት፣ መንግሥት ልጁን ዘመዱ ዘንድ ሲያስቀምጠው ዘመድ በመሆኑ ብቻ የፌዴራሉን የፎስተር ድጎማ፣ ማለትም መንግሥት ያስቀመጠውን ልጅ ለሚያሳድግ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ፣ መከልከል እንደማይገባ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ ሕጎቹ ተከታትለው መጡ። እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ሕግ፣ ልጅ ከወላጆቹ እጅ ሲወሰድ አያቶቹንና ሌሎች አዋቂ ዘመዶቹን በ30 ቀን ውስጥ ፈልጎ ማሳወቅን ግዴታ አደረገ፤ ለመንገድ መሪ ፕሮግራሞችም የመጀመሪያውን የፌዴራል ገንዘብ መደበ። «ፋሚሊ ፈርስት» የተባለው የ2018 ሕግ ውጤታማነታቸው በጥናት ለተረጋገጠ ፕሮግራሞች ከወጪያቸው ግማሹን የፌዴራሉ መንግሥት እንዲሸፍን ፈቀደ። በ2023 ደግሞ ስቴቶች ዘመድን እንደ ባዕድ አሳዳጊ ሳይመዝኑ፣ ለዘመድ የሚስማማ የተለየ የፎስተር አሳዳጊነት ፈቃድ መስፈርት ማውጣት ቻሉ። የመኝታ ክፍሉ ስፋት ስላልበቃ ብቻ የልጅ ልጅን ወደማያውቀው ቤት መላክ ትክክል አልነበረም፤ ይህ ማሻሻያ በጣም ዘግይቷል ባይ ነኝ።

ትልቁ ክፍተት ያለው ግን ከፎስተር ሥርዓቱ ውጭ ነው። በአሜሪካ ወላጆቻቸው በሌሉበት በዘመድ እጅ የሚያድጉ ልጆች ወደ 2.4 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ይገመታል፤ አብዛኞቹም መንግሥት ሳያስቀምጣቸው፣ በቤተሰብ ምክር የተወሰዱ ናቸው። አክስትየዋ ልጁን ዝም ብላ ስለተቀበለች የፎስተር ድጎማ አታገኝም፤ በዚያው ሰፈር የማያውቁትን ልጅ በመንግሥት በኩል የተረከቡ ሰዎች ግን በየወሩ ይከፈላቸዋል። ይህ ኢፍትሐዊ ነው፤ ለልጁ የሚያስፈልገው ምግብ፣ ልብስና ሕክምና በሁለቱም ቤት ያው ነው። መንገድ መሪው ይህን ልዩነት አያጠፋውም። ያሉትን መብቶች አንድ በአንድ ያወጣል እንጂ።

ለምሳሌ ታንፍ በሚባለው የገንዘብ እርዳታ ውስጥ ለልጁ ብቻ የሚሰጥ ክፍያ አለ፤ በአብዛኛው የሚታየው የልጁ እንጂ የአያት ገቢ አይደለም። ብዙ አያቶች «ጡረታ ስላለኝ አይሰጠኝም» ብለው ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ሜዲኬይድ ለሚባለው የመንግሥት የጤና ሽፋንም ቢሆን ወላጁ ያልሆነ አሳዳጊ ገቢ እንደ ደንቡ አይቆጠርበትም። ልጁ 5 ዓመት ካልሞላው ዊክ የሚባል የምግብ እርዳታ አለ፤ ያን ለማመልከት የግድ እናት መሆን አያስፈልግም። ሠራተኛ የነበረ ወላጅ ከሞተ ደግሞ ልጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ከሚባለው የማኅበራዊ ዋስትና የሚገባው ወርሃዊ ገንዘብ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሁሉ በተለያዩ ቢሮዎች፣ በተለያዩ ቅጾች የሚጠየቁ ናቸው። ልጅ እያስተኙና እያስነሡ ይህን ሁሉ ለብቻ መከታተል ከባድ ነው፤ ለአረጋዊ ሰው ደግሞ ይብሳል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ የልጅ ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አያቶች ወርሃዊ ድጎማ የሚሰጥ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ሕግ ተመሥርቷል፤ ኋላም ለሌሎች የቅርብ ዘመዶች ተመሳሳይ ድጎማ ተጨምሯል። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛም ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሌሎች ስቴቶችም ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ ለቋንቋ እርዳታ ሊያስከፍልዎ አይገባም። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ጥሩ አይደለም። ስለ እናቱ ሱስ ወይም እስራት በገዛ አፉ እየተረጎመ መስማት የለበትም።

በእኛ በኢትዮጵያውያን ቤት የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ «መንግሥት ጋ ከሄድን ልጁን ይወስዱብናል» የሚለው ሥጋት። ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ በዲሲ እንኳ ድጎማውን የሚሰጠው የልጆችን ደኅንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ስለዚህ የመንገድ መሪውን ሥራ ለይቶ ማወቅ ይበጃል። ሥራው ቤት መመርመር አይደለም፤ ልጁ ዘመዱ ዘንድ እንዲቆይ አሳዳጊውን መደገፍ ነው። ሲደውሉ ወዲያው ስም ከመስጠትዎ በፊት ምን መረጃ እንደሚመዘገብና ለማን እንደሚተላለፍ ይጠይቁ። ጥሩ መንገድ መሪ በግልጽ ይመልስልዎታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራው አለ፤ ሠራተኛው ግን የለም። በኤችአይቪ ዘመን ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ልጆችን ያሳደጉት አያቶች ናቸው። ዛሬም ሳዑዲ ወይም ቤሩት ሠርታ የምትልክ እናት ልጆቿን የምትተወው ለእናቷ ነው፤ ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ መንደር ማግኘት ይቸግራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ወላጆች ሲሞቱ አሳዳሪና ሞግዚት እንዲሆኑ ከዘመዶች አያቶችን ያስቀድማል፤ አገሪቱም በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት ካቆመች ወዲህ የዘመድ ድርሻ ይበልጥ ከብዷል። ሆኖም እናቲቱ በሕይወት ሳለች፣ በሩቅ አገር ሆና፣ ለአያት የሚሆን ውክልና እንዴት እንደምትልክ፣ ፍርድ ቤት መቼ መሄድ እንደሚያስፈልግ፣ ወረዳው ለደካማ ቤተሰብ ምን እንደሚሰጥ ለአያት በአንድ ቦታ የሚነግር ሰው የለም። ሰዉ የሚጠይቀው እድሩን፣ ንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ነው። የወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ቢመድቡና የእድር መሪዎችን ቢያሠለጥኑ አዲስ ሕንፃም አዲስ አዋጅም አያሻም።

አሜሪካ ያላችሁና የዘመድ ልጅ የምታሳድጉ፣ በአብዛኛው አካባቢ ወደሚሠራው የእርዳታ መጠቆሚያ ስልክ 211 ደውላችሁ መጀመሪያ «አምሃሪክ» በማለት አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከዚያ «ኪንሺፕ ናቪጌተር» በሉ። የዘመድ ልጅ የሚያሳድግ ጎረቤት ካላችሁም አብራችሁት ደውሉ።